የማይቆረቁር ሽጉጥ

አሜሪካ የማይመች ነገር አትወድም። ጫማው ሊመች ይገባል፣ ፍራሹ ሊመች ይገባል፣ የሕፃን ልጅ የመኪና ወንበር ከእኛ ቤት ሶፋ በላይ ሊመች ይገባል። ጥርሳችሁን ሊነቅል የተዘጋጀ ሐኪም እንኳ «ተመችቶሻል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀው ግን አፋችሁን በመሣሪያ ፈልቅቆ ከያዘ በኋላ ነው፣ መልስ እንዳትሰጡ። አንድ ጊዜ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ሞቶ ልንሸኘው ሄደን የሬሳ ሳጥኑን አየሁት። ትራስ አለው።

ታዲያ ሽጉጥ ከሬሳ ሳጥን በምን ያንሳል?

እኔ ያደግኩት ወሎ ነው፤ ትምህርቴንም እዚያው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ጥዬ ነው የተዳርኩት። ስለዚህ ብዙ አውቃለሁ አልልም። ግን ዝምተኛ ነኝ፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ሌላው ሲያወራ እሱ ያያል። በእኛ አገር መሣሪያ የሚይዝ ሰው እንዲታይለት ነው የሚይዘው። ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በገበያ መሃል ያልፋል፤ ከብዶት ቢያጎብጠው እንኳ «አልተመቸኝም» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እዚህ ቴክሳስ፣ ዳላስና ፎርት ዎርዝ ዙሪያ ያለው ሰው ግን የሚታጠቀው እንዳይታይበት ነው። በሸሚዝ ይሸፍናል፣ በጃኬት ይሸፍናል፣ መታጠቁን ማንም እንዳያውቅ ብዙ ይደክማል። ከዚያ መኪናው ኋላ ላይ መታጠቁን የሚናገር ተለጣፊ ይለጥፋል።

እኔን ከዚህ ሁሉ ጋር ያገናኘኝ የበር እጀታ ነው።

የምንኖረው ዳላስ አጠገብ ባለችው ፕሌኖ ጫፍ ላይ ያለ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ፕሌኖ ሲባል ትልልቅ ቤትና ትልልቅ መሥሪያ ቤት የሚመጣባችሁ ከሆነ፣ የእኛ ሰፈር እነዚያን ቤቶች የሚያጸዱና የእነዚያን መሥሪያ ቤቶች ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎች የሚያድሩበት ነው። ሕንፃዎቹ እንደ አንድ ዶሮ እንቁላል ናቸው። ያው ቡናማ ግድግዳ፣ ያው ደረጃ፣ ያው በር፣ በሩ ላይ ያው ጥቁር እጀታ። ባለቤቴ ጀማል የትልቅ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ሳምንትም ከዚያ በላይም ይቆያል። እኔና ልጄ ኢማን እንቀራለን። ኢማን መራመድ ሳትለምድ መሮጥ የጀመረች፣ ያገኘችውን ሁሉ በአፏ የምትመረምር ልጅ ናት።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ባስገባበት ሰዓት፣ ኢማንን አስተኝቼ ዕቃ ሳጥብ የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ። ማንኳኳት የለም፣ ደወል የለም። ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ቀጥሎ አንድ ነገር በሩን ገፋው። ትከሻ ነው። ደጋግሞ ገፋው፤ በሩ በማጠፊያው ሲያቃስት ሰማሁት። ከዚያ አንድ ማጉረምረም፣ ከዚያ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም። በሩ ላይ የውጭ ሰው የሚታይበት ቀዳዳ አለ፤ ሄዶ ማየት ነበር። እግሬ ግን ከእኔ ጋር አልተስማማም። ሳህኑን እንደያዝኩ፣ አረፋው በክርኔ እየወረደ፣ ውሃውንም ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። የእኔ ደርሶ እጀታ ጨብጧል።

ጀማልን ኮል አደረግኩት። ኒው ሜክሲኮ ነበር።

«ሰው በሩን ሊከፍት ነበር» አልኩት።

ጀማል ወሬኛ ነው፤ ለዝምተኛ ሰው አላህ ወሬኛ ባል ነው የሚሰጠው። ያን ቀን ግን የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው። ያን የሚያህል መኪና መንገድ መሃል አዙሮ አይመጣ፣ ነገር። የአፓርትመንቱ ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ ካሜራቸው መኪና ማቆሚያውን እንጂ የእኛን በር እንደማያይ ነገሩኝ። መኪኖቹ ደኅና መሆናቸውን ግን አረጋገጡልኝ።

ጀማል ሲመለስ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ተናገረ። «ወይ አንቺ ሽጉጥ ትይዣለሽ፣ ወይ እኔ መንገድ እተዋለሁ። ማለቴ... እንዲህ ሆኜ መንዳት አልችልም።»

መንገድ መተው ለጀማል ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ትቶ መጋዘን ውስጥ ሠርቶ ነበር፤ ማታ ሲገባ ኢማንን እንኳ አያነሳም፣ ግድግዳ ሲያይ ያመሻል። ያ ሰው ተመልሶ ቤቴ እንዲገባ አልፈለግኩም። ስለዚህ «እሺ» አልኩ። ለዝምተኛ ሰው እሺ ማለት ቀላል ነው። መከራው ከእሺ በኋላ ነው።

ወደ ማኪኒ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የመሣሪያ ሱቅ አለ፤ ስፋቱ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ያህላል። ያስተናገደችን ሴትዮ ከእናቴ ትበልጣለች። ቀይ ረጃጅም ጥፍር፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ መነጽር፣ ሰውን ሁሉ «ሃኒ» የሚል አፍ። ለሴት የሚሆነው መደርደሪያ ላይ ሮዝ ሽጉጥ አለ፣ ሐምራዊ አለ፣ የሰማይ ቀለም ያለውም አለ። የልጆች መጫወቻ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ጀማል በጣም ትንሿን ሮዝ አንስቶ «ይቺ ትመቻታለች» አለ።

«የምትይዛት አንተ ነህ ወይስ እሷ?» አለችው ሴትዮዋ።

ጀማል ሽጉጧን አስቀመጠ።

ባል ሁሉ ለሚስቱ ትንሿን እንደሚመርጥ ነገረችን። ትንሽ ሽጉጥ ግን ቀላል በመሆኗ ስትተኮስ ይበልጥ ትራገጣለች፤ ከበድ ያለችው ናት ሰውነት ይዛ የምትቆመው። ይህንን ከሰው ጋር እያመሳሰልኩ ሳዳምጥ ብዙ እውነት አገኘሁበት። ከዚያ አንዷን መካከለኛ ሰጥታኝ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳቢው አለችኝ። እምቢ አለኝ። «ልጅ አለሽ?» አለች። አለኝ። «ልጅ የሚሸከም ክንድ ይህንን አያቅተውም።» ሳብኩት። ጀማል ሲያየኝ የሆነ ነገር ፊቱ ላይ አለፈ፤ ኩራት ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም።

የባሰው ጥያቄ የት እንደሚታጠቅ ነበር። ሴትዮዋ ጅልባቤን ከራሴ እስከ እግሬ አየችና «ሃኒ፣ አንቺማ በዚህ ልብስ ውስጥ መድፍ ብትይዢ ማን ያውቃል?» አለች። ጀማል ለመተርጎም አፈረ። እኔ ግን ገብቶኝ ሳቅኩ። ቴክሳስ ውስጥ ስለ ልብሴ ተናግሮ ያሳቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ግን ልብሱ ሰፊ ነው ማለት ገላ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። የወገብ ሽጉጥ ማኅደር ቀበቶ ይፈልጋል፣ እኔ ቀበቶ አልታጠቅም። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አለ፤ ኢማን የምትንጠለጠለው እዚያ ነው። ጡት ሥር የሚገባ አለ፤ እሱ ባለቤት አለው፣ ገና አልጣለችውም። ቦርሳ ውስጥ እንዳላደርገው ሴትዮዋ ራሷ ጣቷን ነቅንቃ ከለከለችኝ፤ ቦርሳዬን ከፍታ ዳይፐርና ግማሽ የተበላ ሙዝ አይታ «ይሄ ያንቺ ቦርሳ አይደለም፣ የልጅሽ ነው» አለች። በመጨረሻ ያመጣችልኝ ሰፊ፣ የሚለጠጥ፣ ሆድና ወገብ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ ነው። አዲስ የተፈለሰፈ ነገር አድርጋ አሳየችኝ። እናቴ ዕድሜ ልኳን የታጠቀችው መቀነት ነው፤ ልዩነቱ ኪሱ ብቻ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው መተኮሻ ቦታ ወስዳ አስተማረችኝ። ዒላማው የሰው ቅርጽ ያለበት ወረቀት ነው፤ ፊት የለውም፣ ትከሻው ግን ሰፊ ነው። ያንን ትከሻ የቤቴን በር የገፋው ሰው ትከሻ አደረግኩትና ተኮስኩ። ትከሻው ተበሳሳ። ባለ ቀይ ጥፍሯ አጨበጨበች። እኔም ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራኝ።

ስንወጣ አንድ ትእዛዝ ሰጠችን። «ገላሽ እስኪለምደው ጥይት አታስገቢበት። ባዶውን ታጥቀሽ ምግብ ሥሪ፣ ልጅሽን ያዢ፣ ተቀመጪ፣ ተነሺ። መቆርቆር ሲተው ያኔ ይበቃል።»

እንግዲህ አልተወም። ሶላት ላይ ሱጁድ ስወርድ ጎኔን ይወጋኛል። ጫማ ላስር ሳጎነብስ ሆዴን ይገፋል። ኢማንን ስይዝ ደግሞ... እናንተ እናቶች ታውቁታላችሁ፣ የሴት ዳሌ የተፈጠረው ልጅ እንዲቀመጥበት ነው፤ ሽጉጥ ሠሪውም አጥንቶ አጥንቶ የደረሰው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ኢማን በተረከዟ ኳ፣ ኳ እያደረገች ስትጫወትበት ባዶ መሆኑን እያወቅኩ ላብ ያጠምቀኛል። ድሮ የምፈራው በሩን ነበር። አሁን በሩንም፣ ሽጉጡንም፣ የኢማንን ጣትም ሆነ። ሽጉጡን የማኖርበትን ሣጥን ቆልፌ እመለሳለሁ፣ መቆለፌን ላይ ደግሞ እሄዳለሁ። ዕቃ የሚያመጣ ልጅ ደረጃ ሲረግጥ ከሶፋ እነሳለሁ። ጀማል «ተመቸሽ?» ይለኛል። የጥርስ ሐኪሙ ትዝ ይለኛል።

«ቤት ውስጥ ብቻ ሲሆን አይለመድም፤ ውጪም ታጥቀሽው ውጪ» አለኝ። ስለዚህ የጓደኞቻችን ልጅ ስም የወጣለት ዕለት፣ በግ ታርዶ አቂቃው ሲበላ፣ ባዶ ሽጉጤን በጅልባቤ ሥር ታጥቄ ሄድኩ።

ፈረንጅ ይህንን ጨርቅ ሲሠራ ሁሉን አስቧል። ላብ አስቧል፣ መቀመጥ አስቧል፣ መሮጥ አስቧል። አንድ ነገር ግን አላሰበም። ሐበሻ ሰላም ይላል።

ፈረንጅ ከሩቅ እጁን ያወዛውዝና ያልፋል። እኛ እናቅፋለን፤ አቅፈን እንስማለን፣ ስመን አንለቅም፣ እየዳሰስን ከሳሽ ወፈርሽ እንላለን። በር ላይ የተቀበለችኝ እትዬ ዘይነብ ነበረች። እዚሁ አፓርትመንታችን ውስጥ ከኋላው ሕንፃ የምትኖር፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የምትሠራ፣ ደግና ምላሰ ፈጣን ሴት ናት። (አሜሪካ «አንቱ»ን ወስዳ «እትዬ»ን ትታልናለች፤ እኛም የቀረውን ይዘናል።) አቀፈችኝ። እጇ ወገቤ ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ።

ፊቷ ተለወጠ። ጎትታ ኮሪደር ውስጥ አስገባችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«እኔን ነው የምትደብቂኝ? ስንቱን በሽተኛ ያጠብኩ ሴትዮ! ያ የስኳር በሽታ ማሽን አይደል፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው? የእኔዎቹ ሽማግሌዎችም አላቸው። ያ ረቢ! በዚህ ዕድሜሽ!»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ስም በሚወጣለት ሕፃን ቤት፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ «አይ፣ ሽጉጥ ነው» ይባላል? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አዎ ማለት ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች እንባዋ ቀርቦ። «ለማንም አልናገርም።»

ትሪው ሲዞር ሐልዋው ከጎኔ ካለችው ሴት ወደ ማዶዋ ዘሎ አለፈ። ቴምሩም አለፈኝ። ሚሪንዳ ላነሳ ስል አንዲት የማላውቃት ልጅ ውሃ ሰጠችኝ። ለማንም አልተናገረችም ማለት ነው።

ለጀማል ስነግረው ሳቁ መኪናውን ሞላው። «ሶ ሠርቷል! ማንም ሽጉጥ ነው አላለም።» ከዚያ ሳቁን ገታና የጠላሁትን ነገር አመጣ። በሳምንቱ ወደ ካሊፎርኒያ ይሄዳል፤ ረጅም መንገድ ነው። «ኦኬ፣ አሁን ለምደሽዋል። ስሄድ ጥይቱን ታስገቢያለሽ። ካላስገባሽ ብረት ነው፣ ምን ይሠራል?» እውነቱን ነው። ባዶ ሽጉጥ የጎን ውጋት እንጂ ሌላ አይደለም። እሺ አልኩ።

ሄደ። በሄደ ማግስት ከቀትር በኋላ ደወለ። «አስገባሽ?»

«ላስገባ ነው።»

«ላስገባ ነው ምንድን ነው? አስገቢና ደውዪልኝ። ወላሂ፣ ሳትደውዪ አልረጋጋም።»

የጥይቱን ካርቶን ከላይኛው ቁም ሳጥን አወረድኩ። ኢማን ግራ ዳሌዬ ላይ ተቀምጣለች፤ ላወርዳት ብል ያን ቀን እንደ መዥገር ተጣብቃ አልወርድ ብላለች። ሽጉጡ በቀኝ ነው። ካርቶኑን ኩሽና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚከፈት ሳስብ የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ።

ወረደ፣ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ። ያው ነው። ሰው የራሱን የጣት ቀለበት እንደሚያውቀው ነው ያወቅኩት። ከዚያ ትከሻው መጣ። በሩ አቃሰተ።

ሱቅ ውስጥ ስለ ክብደት ተነጋግረናል፣ ስለ ቀለም ተነጋግረናል። እናት አንድ እጅ ብቻ እንዳላት ግን ማንም አላነሳውም። አንዱ እጄ ኢማንን ይዟል። ሌላው ወገቤ ላይ ሄዶ ባዶውን ብረት ጨበጠ፤ ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ነው። ጥይቱን ለማንሳት ልጄን መጣል አለብኝ፣ ልጄን ከጣልኩ ወደ በሩ ትሮጣለች። ኢማን ጭንቀቴን ጠጥታ መሰለኝ ማልቀስ ጀመረች። በሩ ደግሞ ተገፋ።

ይሄኔ ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«አባባ! ስንት ጊዜ ልንገርዎት? እዚህ አገር ይንኳኳል!»

«የታመመ ልጠይቅ መጥቼ ምን አንኳኳለሁ?» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «ጠላት ነኝ?»

ካርቶኑን ሩዝ ዕቃ ውስጥ ከተትኩት። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ዘይነብ ቆማለች፤ በአንድ እጇ አብሽ፣ በአንድ እጇ የሽፈራው ቅጠል ዱቄትና ጥቁር አዝሙድ ይዛለች። ከጎኗ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ከከሚሴ ከመጡ ገና ብዙ ያልቆዩ አባቷ አሉ፤ አባባ ሁሴን። እሳቸው እኔን አላዩም። የሚያዩት በሩን ነው። እጀታውን ነካ አደረጉት፣ ወደ ታች ወደ ላይ አሉት፣ ትከሻቸውን አስጠጉና ለኩት።

«ይቺ ናት!» አሉ። «ዘይነብ፣ ያን ቀን እምቢ ያለችኝ በር ይቺ ናት!»

«የቱን ቀን?» አለች ዘይነብ።

«ዘጋሽብኝ ያልኩሽ ቀን!»

ዘይነብ ግንባሯን መታች። «ሱብሐነላህ! ብቻቸውን ሊንሸራሸሩ ወጥተው ሕንፃ ተሳስተው፣ ልጄ ቆልፋብኝ ወጣች ብለው አኮረፉኮ! ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እራት እንኳ እምቢ አሉኝ። የእኔ በር ክፍት ነበር ብላቸው አያምኑም!»

«የሁሉም አንድ ነው፤ ምኑን ልይ?» አሉ እየተቀመጡ። «የልጄ ቤት ነው ብዬ ገፋሁ። ገፍቼ ገፍቼ እምቢ ሲለኝ፣ ለካ በልጅም ቤት ይቆለፋል ብዬ ልቤ ተሰበረ።»

ኢማን ማልቀሷን ትታ ምርኩዛቸውን ልትይዝ ወረደች። አሁን ልትወርድ! እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ ሽጉጡ ጎኔን ወጋኝ። ትከሻቸውን አየሁት። ኮቱ ሰፍቷቸው ወደ ጎን ወርዷል፤ ከኮቱ ሥር ያለው አጥንት ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ትከሻ የእሳቸውን ሦስት ያህል ነበር። ያንን ነበር የበሳሳሁት፤ ሰው ያጨበጨበልኝ።

«ዛሬ ቁጥሩ ስንት ነው? እስቲ ማሽኑን አሳዪኝ» አለች ዘይነብ፣ እጇን ወደ ጅልባቤ እየላከች።

«ወርዷል» አልኩ ተስፈንጥሬ።

«ተዪያት፣ ልጅቱን አታስጨንቂ» አሉ አባባ ሁሴን። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ፣ ዱዓ ላድርግልሽ። አላህ ያሽርሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። ባልሽን ከመንገድ በሰላም ይመልስልሽ። ይሄ ወገብሽ ላይ ያለውንም ነገር አላህ ያንሳልሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ከልቤ አሚን ብዬ አላውቅም።

ሲሄዱ ለጀማል ደወልኩ።

«አስገባሽ?» አለ ሳልናገር።

ነገርኩት።

«የዘይነብ አባት?» አለ። ቆይቶ ደግሞ «ሶ... እንመልሰው?» አለ። የተሸጠ መሣሪያ እንደማይመለስ ግድግዳቸው ላይ ተጽፎ እንደነበረ እኔም እሱም አይተናል። ሌላም ነገር አለ፣ ለእሱም ፍርዱን ልስጠው። «ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለኝ። ልክ ነው። ሽጉጡ ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ግን ዛሬም መቆለፉን ላይ እሄዳለሁ።

ጀማል ያኔ «መንገድ እተዋለሁ» ብሎኝ ነበር፤ አልተወም። አባባ ሁሴን የዋዛ አይደሉም፤ ቤቱን ለይተውታልና በየቀኑ ከዙህር በኋላ ይመጣሉ። ዘይነብ ሥራ ስለምትውል ለእሳቸውም መዋያ ሆነላቸው። ምርኩዛቸውን በሩ ሥር አጋድመው ይቀመጣሉ፣ ኢማን ቆባቸውን ታደርጋለች። ጀማል ከመንገድ ሲደውል አሁን የሚጠይቀኝ «አባባ መጡ?» ብሎ ነው። መጥተዋል ስለው ድምፁ ይረጋል። ሽጉጥ ያላረጋጋው ሰው፣ ምርኩዝ አረጋጋው።

የስኳር በሽታዬን ግን እስካሁን አላስተባበልኩም። አንዴ እንዲያ ከተለቀሰልኝ በኋላ ምን ብዬ ልዳን? ጠዋት ጠዋት ሽፈራው እጠጣለሁ፤ ይመራል። ግብዣ ላይ ሐልዋ ያልፈኛል።

አባባ ሁሴን ማንኳኳትንም አልለመዱም። ተኝቼም ይሁን ዕቃ ሳጥብ እጀታው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም፤ ሮጦ ወገቤ ላይ ይሄዳል፣ እዚያ ኢማን ተቀምጣ ያገኛታል፣ የእሷን እግር ይጨብጣል። በሩን እከፍታለሁ።

«ስኳርሽ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አባባ» እላለሁ። «ወርዶልኛል።»